ፈንታሌን ከማየታችን በፊት፦ የሰባት ቀን ማስታወሻ ከቱሉ ዲምቱ

ረቡዕ፣ ጥር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጥምቀትም ቃና ዘገሊላም አለፉ። እንግዳው ተሸኝቶ ቤቱ ጸጥ ሲል ወሬውን አነሳሁት። "የዛሬ ሳምንት አዋሽ ፓርክ እንሂድ። ፈንታሌን እንውጣ" አልኩ። እማዬ ስኒ እያጠበች ነበር። እጇ ውሃው ውስጥ ቀረ። "የትኛውን ፈንታሌ? ያንን ያናወጠንን?" አለችኝ።

መልስ አጣሁ። ቤታችን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በ2017 ታኅሣሥና ጥር መሬቱ ሲንቀጠቀጥ የሳሎኑ አምፖል እንደ ጽና ወዲያ ወዲህ ሲል በዓይናችን አይተናል። አንድ ሌሊት ጋቢ ተከናንበን፣ ሕፃን ያቀፈውም ሽማግሌ የደገፈውም አንድ ላይ ደረጃውን ወርደን፣ ግቢው ውስጥ ከጎረቤት ጋር ቆመን አንግተናል። ያ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው፣ ከፈንታሌና ከዶፈን እሳተ ገሞራዎች መካከል። ቅልጥ አለት ከመሬት በታች መንገድ እየፈለገ ሲገፋ ከላይ ያለው መሬት ይሰነጠቃል፣ ይናወጣል። ቅልጡ ራሱ ወደ ላይ አልወጣም። ዶፈን ላይ ግን እንፋሎቱ ጭቃና ድንጋይ እየወረወረ ሲወጣ በስልካችን አይተን ነበር። የአዋሽ ፈንታሌና የዱለቻ ወረዳ ሰዎች በሺዎች እየሆኑ ቤታቸውን ጥለው ወጡ። እኛ ጋ የደረሰን ትራፊው ነው።

ዘንድሮ ደግሞ ኅዳር 14 ቀን ሃይሊ ጉቢ የሚባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመን በኩል አድርጎ ሕንድ ሰማይ ድረስ ሄደ። "እማዬ፣ እሱ ሌላ ነው። ኤርታሌ አካባቢ ነው፣ ከፈንታሌ በጣም ይርቃል" አልኳት። "እሳት ዘመዱ ብዙ ነው" አለችና ስኒዋን ማጠብ ቀጠለች።

ተስማምተን ያደርነው በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጋሼ ይጠየቅ።

ሐሙስ፣ ጥር 14

ጋሼ የእማዬ ታላቅ ወንድም ነው። ከሃያ ዓመት በላይ የጅቡቲን መስመር በከባድ መኪና ተመላልሶበታል። ከቃሊቲ ለምሳ መጣ። እኔ ዕቅዴን በወረቀት ጽፌ ጠበቅኩት፦ ጠዋት መውጣት፣ ፏፏቴውን ማየት፣ ፈንታሌን መውጣት፣ ማታ ቤት መግባት። አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን አጥፎ ከሳህኑ ሥር አስቀመጠው።

"አንቺ ልጅ፣ ይሄ ዕቅድ አይደለም" አለኝ። "ከዚህ ብትነሺ ከሦስት አራት ሰዓት በኋላ ነው የምትደርሺው። ስትደርሺ ጸሐዩ አናትሽ ላይ ነው። ሳላው ጥላ ሥር ተኝቷል። ዝንጀሮው እንኳ ዛፍ ሥር ገብቷል። መኪና ውስጥ ተቀምጠሽ ሙቀት አይተሽ ትመለሻለሽ።"

ከዚያ ስለ በሰቃ አወራን። መተሐራ ሊደርሱ ሲሉ በቀኝ የሚታየውን ሐይቅ ስንቶቻችን ልብ እንዳልነው አላውቅም። ጋሼ መስመሩን ሲጀምር ውሃው ከአስፋልቱ ራቅ ያለ ነበር አለን። በኋላ እየሰፋ መጥቶ መንገዱን ነካ፣ ባቡር ሐዲዱንም ነካ። አስፋልቱ በአፈርና በድንጋይ እየተደለደለ ከፍ ተደረገ። ነገሩን ሳነብ ቁጥሩ ገረመኝ፦ ከስልሳ ዓመት ገደማ በፊት 3 ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ የነበረው ሐይቅ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል። ከከርሰ ምድር የሚገባበት ውሃ ጨምሯል። ውሃው ደግሞ ጨዋማ ስለሆነ ለእርሻም ለከብትም አይመችም። ከሐይቁ አጠገብ ያለው ጥቁር ድንጋይ፣ ያ ታርሶ የተተወ ማሳ የሚመስለው፣ ከመሬት የፈሰሰ ቅልጥ አለት ነው። ጋሼ ሌሊት ሲያልፍበት የመኪናው መብራት እዚያ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ብርሃኑ ይጠፋበት እንደነበረ ነገረን። ጥቁሩ ይውጠዋል።

ዕቅዱ ከምሳ በኋላ ተቀየረ። ሦስት ቀን ሆነ። የመጀመሪያው ቀን ከሰዓት ፏፏቴው፣ አመሻሽ ላይ ኢላላ ሳላ ሜዳ። ሁለተኛው ቀን ሳይነጋ ፈንታሌ። ሦስተኛው ቀን ፍል ውሃ፣ ዘንባባዎቹ መሀል ያለው። ጋሼ አንድ ነገር ጨመረበት፦ "ፈንታሌ ላይ የአገሩን ሰው ሳትይዙ፣ የፓርኩን ስካውት ሳትይዙ አንድ እርምጃ አትራመዱ። ከረዩና አፋሩ ያንን መሬት እንደ ግቢው ያውቀዋል። ከመናወጡ በኋላ የትኛው ስንጥቅ አዲስ እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ነው።" ይሄን ምክር በትልቁ ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት።

ዓርብ፣ ጥር 15

ከሥራ ስመለስ ከብሎካችን ጀርባ ገልባጭ መኪና ሬድ አሽ እየደፋ ነበር። መንገዱ ሊደለደል ነው። ሁልጊዜ የማየው ነገር ነው፤ ዛሬ ግን አንድ ጓል አነሳሁ። የቡጢ ያህል ይሆናል። ቀይ ነው፣ የበርበሬ ቀይ ሳይሆን የሸክላ። ሳነሳው ከጠበቅኩት በላይ ቀሎኝ እጄ ወደ ላይ ሄደ።

ቤት ገብቼ ጠረጴዛ ላይ አድርጌ በደንብ አየሁት። ሁለመናው ዓይን ነው። የእንጀራ ዓይን! ትናንሾቹ እንደ ጤፍ ፍሬ፣ ትልልቆቹ ጣት ያስገባሉ። የተፈጠረበት መንገድም ከእንጀራው ጋር ይመሳሰላል። ሊጡ ምጣድ ላይ ሲፈስ ውስጡ ያለው አየር እየፈነዳ ዓይን ይተዋል። ቅልጥ አለትም ከመሬት ተተፍቶ ሲወጣ ውስጡ ያለው ጋዝ ያመልጣል፣ አለቱ በዚያው ይደርቃል፣ ዓይኑ ይቀራል። ቀይ ያደረገው ብረቱ ነው፤ ትኩስ እያለ አየር ሲያገኘው ይዝጋል።

ቱሉ በኦሮምኛ ኮረብታ ነው። ዲምቱ ቀይ። ከኛ ሰፈር ወደ ዱከም ሲወረድ እየተቆፈሩ የሚጫኑት ቀያይ ኮረብታዎች ሁሉ አንድ ጊዜ እሳት የተፉ ናቸው። እኔ ደግሞ እሳተ ገሞራ ለማየት ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ልሄድ ነው።

ድንጋዩን እማዬ አነሳችው፣ አገላበጠችው። "ተረከዝ ለመፈግፈግ ጥሩ ነበር" አለችና መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው።

ቅዳሜ፣ ጥር 16

ሱባ። ፈንታሌን ለመውጣት እግራችን መፈተን ነበረበት። ስለዚህ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ወጣን። ቃሊቲ፣ ቀለበት መንገድ፣ ዓለም ገና፣ ሰበታ። ከሰበታ በኋላ ኮረኮንቹ ሽቅብ ይወስዳል። የመናገሻ ሱባ ደን የወጨጫን ተራራ ጎን ይዞ የተኛ ነው። ወጨጫ 3,391 ሜትር ከፍታ አለው። እሱም የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው፣ ከጠፋ ሚሊዮኖች ዓመታት የሆነው። ከአዲስ አበባ ምዕራብ ወጨጫ፣ ደቡብ ምዕራብ ፉሪ፣ ምሥራቅ የረር። ሦስቱም ገሞራ ነበሩ። ከተማዋ መሀላቸው ተቀምጣለች።

ደኑ ውስጥ ስንገባ ድምፅ ተቀየረ። የራሳችን ትንፋሽ ይሰማን ጀመር። ጽዱ፣ ዝግባው፣ ወይራው፣ ኮሶው ተደባልቆ ቆሟል። አንዱን ጽድ እኔና ወንድሜ እጅ ለእጅ ተያይዘን ብንሞክር አልከበብነውም። አስጎብኚያችን ዘሩ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ከወፍ ዋሻ መጥቶ እንደተዘራ ከአባቶች የተወረሰውን ታሪክ ነገረን። 15ኛው ክፍለ ዘመን መሆኑ ነው። አንድ ሰው ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ለሚቆይ ነገር አስቦ ዘር ሲያስዘራ ማሰብ ደስ ይላል። ጉሬዛዎቹ ከላይ ሆነው ነጭ ካባቸውን እያንዘረፈፉ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይወረወራሉ። ወንድሜ ፎቶ ለማንሳት ሲል ሁለት ጊዜ ሥር ጠልፎት ወደቀ።

ከሦስት ሰዓት ጉዞ በኋላ ዛፉ አጠረ። አስታው ጀመረ። ከዚያ ላይ ሆነን ወደ ምሥራቅ ስናይ ከተማዋ በጭጋግ ተሸፍና፣ የረር ከወዲያ ማዶ እንደ ግመል ሻኛ ብቅ ብሎ ይታያል። የኛ ሰፈር ከእግሩ በዚህ በኩል ነው። ጫፉ ጋ ግን አልደረስንም። የወንድሜ አዲስ ጫማ ተረከዙን ልጦታል፤ ለሁለታችን የያዝነው ሁለት ሊትር ውሃም አልቋል። ቀዝቃዛ ደን ውስጥ፣ ጥላ ሥር፣ ሁለት ሊትር አልበቃንም። ፈንታሌ ላይ ጥላ የለም።

ስንመለስ አስጎብኚው የነገረኝን እዚሁ ልጻፈው። ፈንታሌ 2,007 ሜትር ነው። ጫፉ ላይ ብንቆም እንኳ ከአዲስ አበባ መሀል ዝቅ ብለን ነው የምንቆመው። ስለዚህ ለኛ ለደገኞቹ ፈተናው ዳገቱ አይደለም፣ ትንፋሽም አይደለም። ሙቀቱ ነው። ከዚህ በኋላ የምንዘጋጀው ለሙቀት ነው። ለአንድ ሰው በቀን አምስት ሊትር ውሃ። ወንድሜ አሮጌ ጫማውን ያደርጋል።

እሁድ፣ ጥር 17

ከቅዳሴ በኋላ መልካ ቁንጡሬ ሄድን። ይሄ በዕቅዱ አልነበረም። ትናንት ማታ ካርታ ሳይ ነው ነገሩ የበራልኝ። አዋሽ ወንዝ የሚነሳው ጊንጪ አካባቢ ነው። ከአዲስ አበባ ምዕራብ ተነስቶ በደቡብ በኩል ከተማዋን ዞሮ፣ በመልካ ቁንጡሬ አልፎ፣ ቆቃ ገብቶ፣ ከዚያ ነው ወደ ስምጥ ሸለቆው ወርዶ ፓርኩ ውስጥ ፏፏቴ የሚሆነው። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ባሕር አይደርስም፤ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ረቡዕ የምናየውን ውሃ እሁድ ቀድመን እንየው አልኩ።

ከዓለም ገና በቡታጅራ መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ። ድልድዩ ጋ ስንደርስ አዋሽ ትንሽ ነው። በጋ ስለሆነ ልጆች ሱሪያቸውን ሰብስበው ይሻገሩታል። ሙዚየሙ ጎጆ ቤቶች ውስጥ ነው። በመስታወቱ ውስጥ የተደረደረው ሁሉ ድንጋይ ነው። ግን የሰው እጅ የነካው ድንጋይ! የአንዳንዱ ዕድሜ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል ዓመት ያልፋል። አብዛኛው ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ ባልጩት ነው። ቅልጥ አለት ቶሎ ሲቀዘቅዝ፣ ውስጡ እንደ አሸዋ ፍሬ ለመሰባሰብ ጊዜ ሲያጣ፣ መስታወት ይሆናል። ያ ነው ባልጩት። የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ቢላቸውን ያወጡት ከገሞራ ነው።

ባልጩት የሚባል ቦታም አለ፣ ከዚያው ብዙ ሳይርቅ። ድንጋዩ የሚመጣው ከዚያ ነበር። መሬቱ ላይ ስብርባሪው እንደ ጠርሙስ ስባሪ ፈስሷል። ጎንበስ ብዬ አንዱን ሳላነሳው አየሁት። ጠርዙ ስስ ነው። ፀሐይ ሲያገኘው ጥቁሩ ዳር ዳሩን ወደ ቡናማ ይሄዳል። በአንድ በኩል ክብ ክብ ማዕበል አለው፣ ኩሬ ላይ ጠጠር እንደጣሉበት። አንድ ሰው በሌላ ድንጋይ መትቶት ነው እንዲያ የሆነው። ማን እንደሆነ አስቤ ዝም ብዬ ቀረሁ። ወንድሜ "አንድ ብንይዝ ማን ያየናል?" አለ። "ተወው" አልኩት። ሁለቱ ቦታዎች በ2016 ሐምሌ የዓለም ቅርስ ሆነው ተመዝግበዋል፤ ባይመዘገቡም ግን አይነሳም። የመጣ ሁሉ አንድ አንድ ቢይዝ ለቀጣዩ ምን ይቀራል?

ሰኞ፣ ጥር 18

ከሥራ ግማሽ ቀን ፈቃድ ወስጄ እማዬን ቢሾፍቱ ወሰድኳት። ዓላማዬን አልደበቅኳትም። "አንድ ነገር ላሳይሽ፤ ከዚያ በኋላ አትሂዱ ካልሽ አንሄድም" አልኳት።

በሚኒባስ በአሮጌው መንገድ ሄድን። ቢሾፍቱ ሐይቅ አፋፉ ላይ አንድ ቦታ ቁጭ ብለን ቡና አዘዝን። ውሃው ታች ነው፣ ገደል የከበበው። እማዬ ልጅ ሆና ሆራ ዳር ልብስ አጥባለች፣ ሐይቆቹን ታውቃቸዋለች። እንዴት እንደተፈጠሩ ግን ማንም ነግሯት አያውቅም። ሆራም፣ ቢሾፍቱም፣ ባቦጋያም የፍንዳታ ጉድጓድ ናቸው። ከታች የሚወጣው ቅልጥ አለት የከርሰ ምድር ውሃ ነካ። ውሃው ባንዴ እንፋሎት ሆነ። ክዳኑ የተለሰነ ድስት እሳት ላይ ሲቆይ አስቡት። መሬቱ ወደ ላይ ተበተነ፣ ጉድጓዱ ቀረ፣ ውሃ ሞላው። ይሄን ሁሉ ነገርኳት።

ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ሁለተኛውን ጠጥታ ስኒዋን አስቀመጠች። "እዚህ ጋ ነው የፈነዳው?" አለች።

"አዎ።"

"አሁን ዓሣ ይጠመድበታል።"

"አዎ እማዬ።"

ከዚያ ስለ ሌላ ነገር አወራን። ስንመለስ ዱከም ላይ ሚኒባሱ ሰው ሲጭን ድንገት ዞር ብላ "መኪናው ስንት ሰው ይይዛል?" አለችኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ረጅሙ ቀን ይሄ ነው። ጠዋት ቃል የገባልን መኪና አከራይ ደውሎ ዋጋ ጨመረ፣ እሱም በመጨረሻው ቀን። ተናደድኩ። ቅድመ ክፍያ ስንከፍል ወረቀት ላይ አለመጻፋችን ነው የጎዳን። እናንተ እንዲህ አታድርጉ፤ ከሰው ፊት ተጻጻፉ፣ ነዳጁ የማን እንደሆነ፣ ሾፌሩ የት እንደሚያድር ሳይቀር። ጋሼ ጣልቃ ገባና የድሮ የመስመር ጓደኛው ፎር ዊል መኪናውን ሰጠን። ሾፌራችን ራሱ ጋሼ ሆነ።

አጎበር ገዛን። መተሐራ ቆላ ነው፣ ወባ አለ፤ ደገኛ ይሄን ይረሳል። ሁለት ትልልቅ ጀሪካን ውሃ። ሰፊ ባርኔጣ። ከጎረቤት አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ተዋስን። ፓርኩ ውስጥ ከ450 በላይ የወፍ ዓይነት ተመዝግቧል፣ ያለ መነጽር የሚታየው ጥቂቱ ነው። ወንድሜ የሚጠብቀው ሳላውን ነው። ያ ፊቱ ጥቁርና ነጭ፣ ቀንዱ እንደ ጦር ቀጥ ያለ። ፓርኩ በ1950ዎቹ መጨረሻ ሲቋቋም ከታሰበላቸው እንስሳት አንዱ እሱ ነው። እኔ ደግሞ ዝንጀሮዎቹን። ሁለት ዓይነት ዝንጀሮ አዋሽ ላይ ይገናኛል። አንዱ የቆላው፣ ወንዱ ግራጫ ካባ የደረበ፤ ሌላው ወይራማው። ተጋብተውም ይዋለዳሉ። ተመራማሪዎች ለዓመታት ሲከታተሏቸው ኖረዋል።

እና ፈንታሌ። ማታ ሁላችን ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጠን እንዳዲስ አሰብነው። የገሞራው አፍ ከ300 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ ከዳሩ ቆሞ ወደ ውስጥ ማየት ይቻላል። ግድግዳው ላይ እንፋሎት የሚተነፍስባቸው ቦታዎች አሉ። ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት በደቡብ በኩል ተሰንጥቆ ጥቁር ድንጋይ አፍስሷል። በጣም ድሮ ደግሞ በኃይል ፈንድቶ የተፋው ትኩስ አመድ ወርዶ ተጋገረ። ውስጡ የታፈነው ጋዝ ከላይ ያለውን ቅርፊት አሳበጠው። ዛሬም መተሐራ አካባቢ እንደ ድፎ ዳቦ ጀርባ ያበጡ ጉብታዎች አሉ። አንዳንዶቹ ውስጣቸው ባዶ ዋሻ ነው። ይሄን ለእማዬ ሳነብላት እሷም ድፎዋን ከኮባው እያወጣች ነበር። ጀርባውን በእጇ መታ መታ አድርጋ "እንዲህ?" አለች።

ነገ ረቡዕ ስለሆነ ስንቁ የጾም ነው። ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሎሚ። ጋሼ "ሎሚ አብዙ" ብሏል። ደግሞም ተስማምተናል፤ እዚያ ደርሰን ስካውቱ ዛሬ አይወጣም ካለ አንወጣም። ከመኪናው ሆነን ከሩቅ አይተነው እንመለሳለን። እማዬ ይሄንን ሦስት ጊዜ አስምላናለች።

ረቡዕ፣ ጥር 20

ከሌሊቱ 11 ሰዓት። ይሄን የምጽፈው መኪና ውስጥ፣ በስልክ መብራት ነው። ቱሉ ዲምቱ የክፍያ ጣቢያው ጋ ከሦስት አይሱዙ ኋላ ተሰልፈናል። የረር ገና አልታየም፣ ጨለማው ውስጥ ከሌላው ጨለማ የጠቆረ ቦታ ብቻ ነው። ወንድሜ ከኋላ ጀሪካኑን ተደግፎ ተኝቷል።

እማዬ ጋቢና ተቀምጣለች፣ ዳቦውን ታቅፋ። ጋሼ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ካርዱን ተቀበለ። እሷ በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ነገር ፈታችና ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጠችው። ከመስኮታችን ላይ ያነሳችው ቀይ ድንጋይ ነው።

"ምን ይሠራልሻል?" አላት ጋሼ።

"እዚያ ካለው ጋር ላስተያየው" አለችው።

አጥሩ ተነሳ። ጋሼ ማርሽ አስገባ።